ዝናቡ አለ፣ ማጠራቀሚያው የለም

ደሴት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ጣና ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ታንኳው፣ ደወሉ። እዚያ ለኖረ ሰው ውሃ መቅዳት ማለት እንስራ ይዞ ወደ ዳር መውረድ ነበር፤ ዙሪያውን የከበበው ጨው አልባ ሐይቅ ነውና። የውቅያኖስ ደሴት ግን ሌላ ዓለም ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ኩላሊታችን ይህን ጨው አጥቦ ለማስወጣት ከጠጣነው የበለጠ ውሃ ከገዛ ሰውነታችን ይወስዳል። ስለዚህ የባሕር ውሃ የጠጣ ሰው ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይቆረጥለትም። ዐይን እስኪደክም ድረስ ውሃ በሚታይበት ስፍራ ሰዎች ባልዲ ይዘው ውሃ ለመቅዳት የሚሰለፉት ለዚህ ነው።

ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያው እዚያ ዝናብ የለም ማለት ነው” ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜ እውነቱ ሌላ ነው።

ቱቫሉን እንውሰድ። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ ዘጠኝ ደሴቶች ናቸው። የሁሉም የቆዳ ስፋት ተደምሮ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቡ 11,000 ገደማ ነው። በዋና ከተማዋ በፉናፉቲ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። አዲስ አበባ ክረምቱም በልጉም ተደምሮ የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 28 ቀን 2011 የቱቫሉ መንግሥት በውሃ እጥረት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ። በፉናፉቲ ለአንድ ቤተሰብ በቀን 40 ሊትር ብቻ ተመደበ። ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ማለት ነው፤ ለሚጠጣው፣ ለሚበስለው፣ ለሚታጠበው፣ ለሕፃኑም ለአዛውንቱም። የውሃ ፈረቃ የለመደ የከተማ ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ ይረዳዋል። ልዩነቱ እኛ ፈረቃው ሲያልፈን ከጎረቤት ሰፈር እንቀዳለን፤ የቱቫሉ ጎረቤት ሰፈር ውቅያኖስ ነው። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ጨው ማስወገጃ መሣሪያ ልከው ነው ጊዜው የታለፈው።

በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር የሚዘንብባት አገር እንዴት ውሃ ታጣለች? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ደሴቶችን በብዛት የሚያስጨንቃቸው የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የዘነበውን የሚያኖሩበት ቦታ ማጣታቸው ነው።

በእኛ አገር ክረምት የዘነበውን ተራራው፣ አፈሩና ዐለቱ ይዘው ያቆዩታል። ሰማዩ ከጠራ ከወራት በኋላ በበጋ ምንጭ የሚፈልቀው፣ ወንዝም የሚፈሰው በዚያ ቀለብ ነው። አቶል የሚባለው የኮራል ደሴት ግን ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ሁለትና ሦስት ሜትር ነው። ተራራ የለው፣ ሸለቆ የለው፣ ወንዝ የለው። መሬቱ አሸዋና የኮራል ስብርባሪ ስለሆነ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ በኋላ እንኳ ውሃው ወዲያው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ታዲያ ወዴት ይሄዳል? የተፈጥሮ ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያየዋል። አንድ ብርጭቆ እስከ ግማሹ ውሃ ይሙሉና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረው እስኪሟሟ ድረስ ያማስሉ። ከዚያ ስኳር የሌለው፣ በደንብ የቀዘቀዘ ሻይ ያዘጋጁ። ማንኪያ ገልብጠው የውሃውን ገጽ ያስነኩና ሻዩን በማንኪያው ጀርባ ላይ ቀስ እያደረጉ ያንጠባጥቡ። ሻዩ ከላይ፣ ጨዋማው ውሃ ከታች ሆነው ድንበር ለይተው ይቆማሉ። ጨው የሌለው ውሃ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። አሁን ማንኪያውን ከተው አንድ ጊዜ ያማስሉት፤ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ ከዚያ በኋላ መለየት የለም።

በደሴቱ ሥር የሆነውም ይኸው ነው። የኮራሉን ቀዳዳዎች ሁሉ የባሕር ውሃ ሞልቷቸዋል። ከላይ የሚሰርገው የዝናብ ውሃ በዚያ ጨዋማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መካከሉ ወፈር፣ ዳርና ዳሩ ሳሳ ያለ ቅርጽ ስለሚይዝ ባለሙያዎች በመነጽር መስተዋት መስለው የውሃ ሌንስ ይሉታል። የሆላንዱ መሐንዲስ ባዶን ጊበን በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ሄርዝበርግ ደግሞ በ1901 የዚህን ሌንስ ሒሳብ ለየብቻቸው ደርሰውበታል። አንድ ሊትር ጨው አልባ ውሃ 1,000 ግራም፣ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ደግሞ 1,025 ግራም ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ 25 ግራም ነው፤ 1,000 ለ25 ሲካፈል 40 ይሰጣል። ስለዚህ ሌንሱ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ካለ፣ ከባሕር ወለል በታች ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። ወንዝ ላይ እንደሚንሳፈፍ ግንድ ነው፤ የሚበዛው አካሉ የተቀበረ ነው።

ሒሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ግን በተገላቢጦሽም ይሠራል። ከላይ አስር ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀድተን ካጎደልን፣ ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ በጊዜ ሂደት አራት ሜትር ወደ ላይ ይነሣል። በተጨማሪ በብዙ አቶሎች ሥር፣ ከ15 እስከ 25 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በጣም የተቦረቦረ ጥንታዊ የኖራ ድንጋይ አለ። እዚያ ሲደርስ ባሕሩ እንደ ልቡ ስለሚመላለስ ሌንሱ ከዚያ በታች መውፈር አይችልም። ደሴቱ ጠባብ ከሆነም ሌንሱ ይሳሳል፤ በጣም ጠባብ በሆነው ላይ ጭራሹን አይኖርም።

ይህን ጠንቅቀው ካወቁት ሕዝቦች መካከል የኪሪባቲ ሰዎች ይገኛሉ፤ እነሱ የአገራቸውን ስም ኪሪባስ ብለው ነው የሚያነቡት። 33 ደሴቶቿ በ3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ውቅያኖስ ላይ ተዘርግተዋል። ሳይንቲስቶቹ ቀመር ከመጻፋቸው እጅግ ቀድሞ ሰዎቹ በደሴቱ ወገብ ላይ፣ ሌንሱ በሚወፍርበት፣ ጉድጓድ ቆፍረው እስከ ውሃው ድረስ ይወርዱና ባባይ የሚባለውን የጎደሬ ዘመድ ተክል እዚያ ይተክላሉ። ሥሩ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ይሆናል። ዝናብ ጠባቂ ሳይሆን ሌንስ ጠባቂ እርሻ ነው።

ዛሬ በዋና ከተማዋ በደቡብ ታራዋ ከ60,000 በላይ ሰው ይኖራል። የቧንቧ ውሃው በዋናነት የሚመጣው በደሴቱ ጫፍ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ቦንሪኪ ከሚባል ስፍራ ሥር ከሚገኝ ሌንስ ነው። እዚያ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ሊታይ የሚገባው ነው። እንደ ተለመደው ወደ ታች የሚወርድ ጥልቅ ጉድጓድ ቢቆፈር ፓምፑ ከሥር ያለውን ጨው ስቦ ያመጣዋል። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ቦይ ተቆፍሮ፣ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ተጋድሞ ተቀብሯል፤ ውሃውም ከሌንሱ ገጽ ላይ ብቻ በስሱ ይቀዳል። ወተት ላይ ያረፈውን ስልባቦት ከሥሩ ያለውን ሳይነኩ እንደ መግፈፍ ነው።

ችግሩ ሰዉ የሚኖረው ከማጠራቀሚያው ጣሪያ ላይ መሆኑ ነው። በሌንሱና በሰው እግር መካከል ያለው ሁለት ሜትር ያህል አሸዋ ነው። ሽንት ቤቱ፣ የዐሣማ ጋጣው፣ መቃብሩ ሁሉ ወደዚያው ያንጠባጥባል። መንግሥት የቦንሪኪን መሬት ለውሃ ብሎ ከልሎ ለባለመሬቶቹ ክፍያ ይሰጣል። ግን የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ጎጆው ወደ ክልሉ ይገፋል። በእኔ እምነት በደሴቶች የውሃ ጉዳይ ውስጥ ከቴክኖሎጂው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በሁለት በኩል ባሕር በሚያዋስነው ቀጭን መሬት ላይ ለሚኖር ሰው “ይህን የአያትህን ቦታ አትሥራበት፣ ሥሩ ውሃ አለ” ማለት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ባለመሬቱን እንደ ጥፋተኛ የሚያይ መፍትሔም አይዘልቅም።

ሌንሱ ደግሞ ከላይም ሊመታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ፐርሲ የተባለው አውሎ ነፋስ በኩክ ደሴቶች የምትገኘውን ፑካፑካን ባሕር ሲያለብሳት፣ ጨዋማው ውሃ ከላይ ሰርጎ ሌንሱን በከለው። ውሃው ተመልሶ እስኪጠጣ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ማልዲቭስም በዲሴምበር 2004 ሱናሚ ይኸው ደርሶባታል። ብርጭቆው ውስጥ ማንኪያ ገባ ማለት ነው።

ከመሬት ሥር የሚያኖረው ያጣ ሰው ከጣሪያው ላይ ይይዛል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ለማንም ይቀላል፦ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል አንድ ሊትር ውሃ ይገኛል። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 6,000 ሊትር ነው። ቱቫሉዎች የሚኖሩት በዚህ ነው። ግን ቤቱ ያለው 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ቢሆን፣ ስድስት ሰዎች በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ሲጠቀሙ በ41 ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ የዓመቱ 3,000 ሚሊ ሜትር ምንም አይፈይድም፤ ጥያቄው ዝናቡ 41ኛው ቀን ሳይደርስ ይመለሳል ወይ የሚለው ይሆናል። አሸንዳው በጣሪያው አንድ ጎን ብቻ ከተገጠመ ወይም ዝጎ ከተበሳ ደግሞ የሚገባው ግማሹ ነው። በ2011 በቱቫሉ የሆነው ይህ ነው፤ ላ ኒና የተባለው የውቅያኖስ ሙቀት መዛባት ዝናቡን ለወራት ወደ ምዕራብ ገፋው፣ የታንኮቹም ውሃ ያን ያህል ጊዜ መቆየት አልቻለም።

ላ ኒናንና ተቃራኒዋን ኤል ኒኖን እኛም እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤል ኒኖ የእኛን ክረምት ሲያዛባው፣ የኪሪባቲ ሰማይ በአንጻሩ ዝናብ ያወርድ ነበር። ማርሻል ደሴቶች ግን በዚያው ኤል ኒኖ ሳቢያ በ2016 መጀመሪያ ላይ በድርቅ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐውጀዋል። የአንዱ ውቅያኖስ ሙቀት ፈቀቅ ሲል ትግራይና ወሎ፣ ማጁሮና ታራዋ በየፊናቸው ዕጣቸውን ይቀበላሉ።

ማጁሮን ካነሣን አይቀር፣ የማርሻል ደሴቶች ዋና ከተማ ዝናብ የምትሰበስበው በአውሮፕላን ማኮብኮቢያዋ ነው። በደሴቱ ላይ ከዚያ የሰፋ፣ ጠንካራና ውሃ የማያሰርግ ገጽ የለማ! አስፋልቱ ላይ የጣለው ዝናብ በጎንና ጎኑ ወዳሉ የውሃ ማቆሪያዎች ይወርዳል፣ ተጣርቶም በፈረቃ ለከተማው ይከፋፈላል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በከተማው ጣሪያ ላይ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ጣሪያን ለውሃ ማዋል ሥርዐት የሆነባቸው ደሴቶችም አሉ። ነፃ አገር ባትሆንም የብሪታንያዋ ቤርሙዳ ከሁሉ በፊት መጠቀስ አለባት። ወንዝም ሐይቅም የላትም። ቤቶቿ ሁሉ ጣሪያቸው ነጭ፣ እንደ ደረጃ የተነባበረ የኖራ ድንጋይ ነው። እርከኑ የዝናቡን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ውሃውም ከቤቱ ሥር ወደ ተሠራው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያውን ለውሃ ማጥመጃ እንዲያውል፣ በልኩም ማጠራቀሚያ እንዲሠራ ሕጉ ያስገድደዋል። በማልታም ከ1566 ጀምሮ የተቆረቆረችው የቫሌታ ከተማ ስትሠራ በየቤቱ ሥር የውሃ ማጠራቀሚያ እንዲኖር በደንብ ተደንግጎ ነበር። ወደ እኛ ስንጠጋ፣ በቀይ ባሕር በኤርትራዋ ዳህላክ ከቢር ላይ ከኮራል ድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩ ጥንታዊ የዝናብ ማቆሪያዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ዝናቡ እጅግ ጥቂት በሆነበት በዚያ ስፍራ የንግድ ከተማ የኖረው በእነዚያ ጉድጓዶች ነው።

ሁሉም ደሴት ዝቅተኛ አለመሆኑን ማንሣት ተገቢ ነው። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ባሕሯ ላይ በወደቀባት ጊዜ ስሟን የሰማናት ኮሞሮስ እሳተ ገሞራ የወለዳት አገር ናት። የግራንድ ኮሞር ደሴት ካርታላ የሚባል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ አላት፣ ዝናቧም ብዙ ነው። ወንዝ ግን የላትም፤ ወጣት የሆነው የእሳተ ገሞራ ዐለት እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ተራራ ቆሞላቸው ሰዎቹ እንደ አቶል ነዋሪ ከጣሪያ ይሰበስባሉ።

ሲንጋፖር ሌላ ምዕራፍ ናት። ጃንዋሪ 31 ቀን 1942 የእንግሊዝ ጦር ወደ ማላያ የሚያሻግረውን መንገድ ሲያፈርስ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧም አብሮ ተቆረጠ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተማዋ ለጃፓን እጅ ስትሰጥ አንዱ ጭንቀት የውሃ ማለቅ ነበር። ሲንጋፖር ይህን አልረሳችም። ዛሬ ከመሬቷ ሁለት ሦስተኛው የሚጥልበት ዝናብ ተሰብስቦ ወደ 17 ግድቦች ይገባል። ከማሌዥያ በ1962 ስምምነት የምትገዛው ውሃ እስከ 2061 ይቆያል። የፍሳሽ ውሃዋን ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ኒውወተር በሚል ስም እስከ መጠጥ ደረጃ አጣርታ ትጠቀማለች። ግን ይህ የሀብታም ከተማ መንገድ ነው፤ ለቱቫሉ ዓይነት አገር “እንደ ሲንጋፖር አድርጉ” ብሎ መምከር አይገባም።

ጨው ወደሚያስወግደው ማሽን እንምጣ። ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ዘዴ የባሕር ውሃ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ በኃይል ይገፋል፤ ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። የሚያስፈልገው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ዘመናዊ ጣቢያ 1,000 ሊትር ለማምረት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። ከገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጨው በዝቶበት ወደ ባሕር ይመለሳል። ኤሌክትሪኩ ከውጭ በሚመጣ ናፍጣ በሚመነጭበት ደሴት የናፍጣው መርከብ ከዘገየ ውሃውም ይዘገያል።

የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ ይህን በአንድ ቀን ተማረች። ከተማዋ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መሬት ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ታኖራለች። በሥሯ የነበረው ሌንስ ለዓመታት ከልክ በላይ ተቀድቶ፣ የፍሳሽ ውሃም ገብቶበት ተበላሽቷል። የቧንቧ ውሃዋ በሙሉ ከባሕር ተጣርቶ ይመጣል። ዲሴምበር 4 ቀን 2014 በማጣሪያ ጣቢያው እሳት ተነሣና የኤሌክትሪክ መስመሩን በላው፤ የከተማው ቧንቧ ሁሉ ደረቀ። መቶ ሺህ ሰው ለሚጠጣው ብቻ ሳይሆን ለሽንት ቤቱም የሚያፈሰው አጣ። የታሸገ ውሃ ለማግኘት ሰልፍ ሆነ። ሕንድ በማግሥቱ በአውሮፕላን፣ ከዚያም በመርከብ ውሃ አደረሰች፣ ቻይናም ላከች። ጥገናው እስኪያልቅ ቀናት ወሰደ። ሌንሱ ጤነኛ ቢሆን፣ በየሰገነቱ ታንክ ቢኖር ኖሮ ከተማዋ በአንድ ክፍል እሳት አትንበረከክም ነበር።

ማሽኑ አይኑር እያልኩ አይደለም። ሕዝቡ ለበዛበት ደሴት ግዴታ ነው፤ በፀሐይ ኃይል ከሠራ ደግሞ እሰየው። የምለው ቅደም ተከተሉ ይከበር ነው። ማሽን በእርዳታ ሲሰጥ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። አሸንዳ ለማደስ፣ ሁለተኛ ሮቶ ለመጨመር፣ ሽንት ቤቱን ከሌንሱ ለማራቅ ግን ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ የለም። መለዋወጫው ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣ ፓምፕ በጨው ዝጎ ሲቆም፣ ጣሪያው ግን ዝናብ መቀበሉን አያቆምም። ለጋሾች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ደሴቶቹ ራሳቸው ያላመጡት ሸክምም አለባቸው። የባሕሩ ወለል ከፍ ሲል ማዕበሉ ደጋግሞ ይሻገራል፣ ሌንሱም ለማገገም ጊዜ ያጣል። ስለዚህ የእነዚህ አገሮች ስጋት አንድ ቀን መሬታቸው ይሰጥማል የሚል ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ከመስጠሙ ብዙ ዓመት በፊት የሚጠጣ ውሃ ሊያልቅበት ይችላል። አየሩን ያሞቀው ጭስ የወጣው ደግሞ ከእነሱ ምድጃ አይደለም። የማጠራቀሚያውን ወጪ ጭሱን ያወጡት ሊሸከሙት ይገባል ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ የዕዳ ጥያቄ ነው።

በ2022 ላ ኒና ለሦስተኛ ዓመት በተከታታይ ሰነበተች። በጁን ወር ኪሪባቲ በድርቅ የአደጋ ጊዜ ዐወጀች፤ በኖቬምበር ደግሞ ቱቫሉ፣ ከ2011ዱ ዐዋጅ ከ11 ዓመት በኋላ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጇን እንደገና ዐወጀች።